ያልተሞላው ቦታ፦ «ትሪለር»ን በሸክላ ማዳመጥ

ይህን ሸክላ ከያዝኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማታ ሥራ ስጨርስ ማጫወቻው ላይ አስቀምጠውና መብራት አጥፍቼ አዳምጠዋለሁ። የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» የማያውቅ ጆሮ ብዙም ስለሌለ፣ ዘፈኖቹ ጥሩ ናቸው አይደሉም እያልኩ አንባቢ አላደክምም። ልጽፍ የተነሣሁት አልበሙን በኃላፊነት ስላሠራው ፕሮዲውሰር፣ ስለ ኩዊንሲ ጆንስ ነው። ሥራውን በሸክላ ሳዳምጠው የሰውየው እጅ የት የት እንደገባ፣ ይልቁንም የት ላይ እጁን እንደሰበሰበ ከበፊቱ ይበልጥ ቁልጭ ብሎ ተሰምቶኛል። ወሩንም ዓመቱንም የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እንጀራዬ ሙዚቃ ማቀናበርና ሚክስ ማድረግ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐድ ነው። ሙያውን ያስያዙኝ አጎቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራምፔት ሲነፉ ኖረው ጥርሳቸው ሲወልቅ ሰቀሉት። የመጀመሪያ ቅንብሬን ይዤላቸው የሄድኩ ዕለት ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣

«ይህቺ ልጅ መቼ ነው የምትተነፍሰው?» አሉኝ።

«ማን፣ ጋሼ?»

«ድምፃዊቷ ናታ! አፏን ልትከፍት ስትል ኪቦርዱ ይቀድማታል፣ ስትዘጋ ጊታሩ ዘው ይላል። ቤቱን በዕቃ ሞልተሽ ሞልተሽ እንግዳዋን የት ልታስቀምጫት ነው?»

ከዚያ ከመሳቢያቸው አንድ ካሴት አወጡ። የቅጂ ቅጂ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ተፍቆ አልቋል። በእስክሪብቶ እያዞሩ «ቢሊ ጂን» መጀመሪያ ላይ አደረሱትና «ዘፋኙ እስኪገባ ድረስ የምትሰሚውን መሣሪያ ቁጠሪ» አሉኝ። ቆጠርኩ። ድራም፣ ሻከር፣ ባስ፣ ኪቦርድ። «ሌላስ?» አሉ። «በቃ» አልኩ። «በቃ አይደል? በይ ሂጂና ያንቺንም ቁጠሪው።» የእኔው አሥራ ዘጠኝ ነበር። ያን ቀን ማታ ሰባቱን አወጣሁ፣ በማግስቱ አራቱን፤ ዘፈኑም መተንፈስ ጀመረ።

ሸክላውን እንደከፈትኩት ቀጥታ የሄድኩት ወደዚያው ዘፈን ነው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ ድራሙ ብቻውን ይመጣል። የሚመታው ሊዮን ንዱጉ ቻንስለር ነው። እግር ድራም፣ ስኔር (በበትር የሚመታው ጥርት ያለ ከበሮ)፣ እግር ድራም፣ ስኔር፤ ሌላ ጌጥ የለውም። አንድ ድራመኛ ይህን ያህል ጊዜ ብቻውን ሲተው እጁ ይበላዋል፣ አንድ ነገር ጣል ሊያደርግ ይፈልጋል። ቻንስለር ግን አላደረገም። ከዚያ የሉዊስ ጆንሰን ባስ ይገባና ያንኑ አንድ መንገድ ይመላለሳል፤ ኪቦርዱ አጫጭር ኮርዶች ጣል ያደርጋል። ማይክል አፉን የሚከፍተው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። በካሴት ስሰማው ያደግኩት ይህ ሁሉ እንደ አንድ ዕቃ ተጣብቆ ነው። በሸክላው ላይ ግን እግር ድራሙ ታች፣ ባሱ ከላዩ፣ ሻከሩ ወደ ጎን ተቀምጠው በመካከላቸው አየር ይሰማል።

ይህ አየር ዝም ብሎ አልመጣም። የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን ለዚህ ዘፈን ድራሙን ከወለሉ ከፍ የሚያደርግ የእንጨት መድረክ አሠርቶ ነበር። ለእግር ድራሙ ማይክሮፎን የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ልባስ አለበሰው፤ በስኔሩና በሀይ ሃቱ (በእግር በሚከፈትና በሚዘጋው ጥንድ ሳህን) መካከል ደግሞ ጠፍጣፋ እንጨት አስገባ፣ አንዱ በሌላው ማይክሮፎን ውስጥ እንዳይፈስ። ስዊዲን ሌላም ልማድ ነበረው። ቴፕ በተደጋጋሚ ሲጫወት ከማሽኑ ጋር ስለሚፋተግ የከበሮው ስለት ይደነዝዛል። ስለዚህ ድራምና ባሱን መጀመሪያ ይቀዳና ዋናውን ቴፕ አሽጎ ያስቀምጠዋል፤ ወራት የሚፈጀውን የድምፅና የኪቦርድ ሥራ በቅጂው ላይ ይሠራል፤ ሚክስ ሲደርስ ያልተነካውን አውጥቶ ያገጣጥመዋል። እኛ አሁን በኮምፒውተር ፋይሉን ሺህ ጊዜ ብናጫውተው አይሟሽሽም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከእጃችን ወጥቷል። ስለ ከበሮ ድምፅ የሚጠይቀኝ ወጣት ሁሉ ይህን ታሪክ ሳልነግረው አይሄድም።

«ቢሊ ጂን» 91 ጊዜ ሚክስ ተደርጓል። 91ኛው ላይ ሲደርሱ ኩዊንሲ ወደ ኋላ ተመልሰው ሁለተኛውን እንዲሰሙት ጠየቀ። ሰሙት፤ ሸክላው ላይ ያለውም ሁለተኛው ነው። ሚክስ የሠራ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል። ሰማንያ ዘጠኝ ጊዜ ያፈሰስከውን ላብ ትቶ «የመጀመሪያው ስሜት ይበልጣል» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። እኔ እስከ ዛሬ የሠራሁትን የመጨረሻውን ሚክስ ጥዬ ወደ ኋላ የተመለስኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበርኩ።

የሚገርመኝ ግን የዚያችን መግቢያ ርዝመት ኩዊንሲ አልወደዳትም ነበር። ይታጠር አለ። ማይክል ደግሞ ለዳንስ የሚያነሣኝ እርሱ ነው ብሎ ሙግት ገጠመ። ኩዊንሲ ተረታ። ፕሮዲውሰር ሆኖ፣ ያን ሁሉ ዕድሜና ሥራ ይዞ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ልጅ ዳንስ ይለኛል ሲለው እሺ ብሎ ዘወር ማለቱን ከሠራቸው ቅንብሮች እኩል አከብርለታለሁ።

ይህ ጆሮ ከየት መጣ? ኩዊንሲ በ1933 ቺካጎ ተወለደ። እናቱ በአእምሮ ሕመም ከቤት ስትወሰድ እርሱና ወንድሙ በአናጢው አባታቸው እጅ ቀሩ። በጦርነቱ ዘመን ወደ ዋሽንግተን ግዛት ተሻገሩ። 11 ዓመት ሲሆነው ከጓደኞቹ ጋር አንድ የመዝናኛ ማዕከል ሰብረው ገቡ፤ ያገኙትን ኬክ ሲበሉ አምሽተው እርሱ በየክፍሉ ሲዞር ጨለማ ውስጥ ፒያኖ ያያል። በሩን ዘግቶ ሊሄድ ካለ በኋላ ተመልሶ ገባና ቁልፎቹን ነካ። ሕይወቴ የዚያን ዕለት ተለወጠ ይል ነበር። ሲያትል ውስጥ ገና ታዳጊ ሳለ በጥቂት ዓመት ከሚበልጠው ከሬይ ቻርልስ ጋር ተዋወቀ። ከዚያ ትራምፔት ይዞ ከላዮኔል ሃምፕተን ባንድ ጋር ሀገር ለሀገር ዞረ፤ ለካውንት ቤዚ፣ ለዳይና ዋሽንግተን አቀናበረ።

በ1957 ፓሪስ ሄዶ ናዲያ ቡላንዤ ዘንድ ተማረ። ኩዊንሲ ደጋግሞ እንደሚያወሳው፣ መምህሯ ያሉት የሙዚቃ ድምፆች አሥራ ሁለት ብቻ እንደሆኑና እግዜር አሥራ ሦስተኛውን እስኪሰጠን ድረስ በአሥራ ሁለቱ ሌሎች ምን እንደሠሩ ማወቅ እንዳለበት ነገረችው። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። በአምስት ድምፅ ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አውጥቶ፣ በእነዚያው ሠርጉንም ለቅሶውንም የሚወጣ ሕዝብ ልጅ ስለሆንኩ፣ ትንሽ ነገር ይዞ ብዙ መሄድ እንደሚቻል ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልገውም።

ከዚያ ክፉ ጊዜ መጣ። በ1959 አንድ የመድረክ ሥራን ተከትሎ ትልቅ ባንድ ይዞ አውሮፓ ገባ፤ ሥራው ተዘጋ፤ እርሱ ግን ባንዱን አልበትንም ብሎ ወራት አብሯቸው ተንከራተተ። የወጣው ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ነው። ያ ዕዳ ነው ኒውዮርክ ወደሚገኘው የመርኩሪ ሸክላ ኩባንያ ቢሮ ያስገባው። ጃዝ ብቻ ያውቃል የተባለው ሰው በ1963 የ16 ዓመቷን ሌስሊ ጎርን «ኢትስ ማይ ፓርቲ» አስዘፍኖ አንደኛ ደረጃ አስቀመጣት። የልጅቷን ድምፅ ሁለት ጊዜ ቀድቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦታል፤ ዜማውም ቢሆን ቀላል ነው። አንዳንድ የጃዝ ሰዎች ናቁት። እኔ ግን በደንብ ሳዳምጠው የምሰማው ያንኑ ሰው ነው፤ የልጅቷን ለቅሶ የሚሸፍን አንድም ነገር አላስገባም። በ1964 የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። በነጮች እጅ ባለ ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ውስጥ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

በዚያው ዓመት ለፍራንክ ሲናትራና ለካውንት ቤዚ ባንድ ያቀናበረው «ፍላይ ሚ ቱ ዘ ሙን» አለ። ዘፈኑ ሲጻፍ በሦስት ምት የሚሄድ ዋልዝ ነበር። ኩዊንሲ ወደ አራት ምት አዞረውና መሬት ረግጦ የሚራመድ አደረገው። ብራሶቹ የሚፈነዱት ሲናትራ ቃሉን ጨርሶ ዝም ሲል ብቻ ነው። አጎቴ ይህን ዘፈን ሲሰሙ በሁለት ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ትራምፔቱን ይነፋሉ፤ የቱ ጋ ዝም እንደሚባል ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

በ1974 አንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ፈነዳ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ተረፈ፤ ትራምፔት ግን ዳግም እንዳይነፋ ተከለከለ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የምንሰማቸው ሥራዎች ሁሉ ትራምፔቱን ያጣ ሰው በሌሎች ትንፋሽ የሠራቸው ናቸው።

ማይክልን ያገኘው «ዘ ዊዝ» ፊልም ላይ ሲሠሩ ነው። ልጁ ፕሮዲውሰር ጠቁመኝ አለው፤ የማይክል ሸክላ ኩባንያ ኩዊንሲ ለእንዲህ ያለ ሥራ ጃዝ ይበዛበታል ብሎ ነበር፤ ሆኖም ተያዙና በ1979 «ኦፍ ዘ ዎል» ወጣ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ሎስ አንጀለስ ዌስትሌክ ስቱዲዮ ውስጥ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ 750 ሺህ ዶላር ገደማ በሚፈጅ ወጪ «ትሪለር» ተሠራ።

አልቆ ሲቀረጽ ቡድኑ ተሰብስቦ አደመጠው። አይሆንም። ለምን? ሸክላ ማለት እኮ ጎድጓዳ መስመር ነው። ባሱ ጠንከር እንዲል መስመሩ ሰፋ ማለት አለበት፤ በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ደቂቃ ካጨቅክበት መስመሮቹ ይጠባሉ፣ ድምፁም ይኮሰምናል። እነርሱ ደግሞ አብዝተው ጭነውበት ነበር። ማይክል አለቀሰ። ኩባንያው ሸክላውን እየጠበቀ፣ እነርሱ ግን ተመልሰው መቁረጥ ያዙ። ከ«ዘ ሌዲ ኢን ማይ ላይፍ» አንድ ሙሉ አንቀጽ ወጣ፤ ከሌላውም ከሌላውም ተነሣለት። በቀን አንድ ዘፈን ያህል እየያዙ እንደ አዲስ ሚክስ አደረጉት። በኅዳር 1982 ማብቂያ ገበያ ላይ ሲወጣ ዘጠኝ ዘፈን፣ 42 ደቂቃ ነበር። አንደኛው ገጽ 20፣ ሁለተኛው 22 ደቂቃ ገደማ ነው። አሁን በእጄ ያለው ሸክላ ላይ ባሱ ደረት የሚነካው እነዚያ ስንኞች ስለተቆረጡ ነው። በየስልኩ ላይ የምንሰማው ፋይል ስለ ጎድጓዳ መስመር አይጨነቅም፤ ግን የዚያ ቁርጥ ውለታ አለበት።

መቀነሱ በየዘፈኑ ውስጥም አለ። «ቢት ኢት» ላይ ስቲቭ ሉካተር ጊታሩን በትልልቅ ማጉያ ደራርቦ ግድግዳ አስመስሎ ቀድቶት ነበር። ኩዊንሲ ከበደ አለው፤ በትንሽ ማጉያ እንዲደግመው ጠየቀው። ሸክላው ላይ ያን ጊታር ስትሰሙት ቀጭንና የተሳለ ነው፤ የኤዲ ቫን ሄለን ሶሎ ሲመጣ የሚያስደነግጠው ከእርሱ በፊት ያለው ስለተቀነሰ ነው። ግድግዳው ቢኖር ኖሮ ቫን ሄለን የሚገባበት በር ባልነበረ።

«ሂዩማን ኔቸር» ደግሞ ሊገባ ያልታሰበ ዘፈን ነው። ከቶቶ ባንድ ዴቪድ ፔች የላከለትን ቴፕ ኩዊንሲ ይሰማል፤ የተላኩት ዘፈኖች አለቁ፤ ቴፑን ግን ቶሎ አላጠፋውም። መጨረሻ ላይ የስቲቭ ፖርካሮ ያልተጠናቀቀ ማሳያ ተረስቶ ቀርቶ ኖሮ መጫወት ጀመረ። ጆን ቤቲስ ግጥም ጻፈለትና አልበሙ ሊዘጋ ሲል ገባ። እኔ በበኩሌ ከዘጠኙ በጣም የምወደው እርሱን ነው። ኪቦርዱ እንደ ሌሊት መስኮት ነው፤ ድምፁ ከውስጡ ይመለከታል እንጂ አይገፋውም።

ስለ ዘፈን ደራሲው ሮድ ቴምፐርተን አንድ ነገር ሳልል ብቀር ቅር ይለኛል። እንግሊዛዊ ነው፤ ሙዚቃ ሳይዝ በፊት ዓሣ በሚቀዘቅዝበት ፋብሪካ ሠርቷል፤ ሂትዌቭ በተባለ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። የአልበሙ መጠሪያ የሆነውን ዘፈን መጀመሪያ «ስታርላይት» ብሎት ነበር። ኩዊንሲ የተሻለ ርእስ ፈልግ አለው፤ በመቶ የሚቆጠር ርእስ ጻፈ፤ አንድ ቀን ጠዋት ሲነቃ ያ ቃል አፉ ላይ ነበር። የአስፈሪ ፊልሞች ተዋናዩ ቪንሰንት ፕራይስ የሚያነበንበውን ግጥም ደግሞ ወደ ስቱዲዮ እየሄደ ታክሲ ውስጥ ነው የጨረሰው። አልበሙ ላይ ሦስቱ ዘፈኖች የእርሱ ናቸው። «ፒ ዋይ ቲ»ን የጻፉት ጄምስ ኢንግራምና ራሱ ኩዊንሲ ናቸው፤ ኩዊንሲ ዘፈን ደራሲም መሆኑን የሚዘነጉ ሰዎች እዚህ ጋ ቆም ብለው ያዳምጡ።

ድካም የለበትም አልልም። «ዘ ገርል ኢዝ ማይን» የመጀመሪያው ገጽ ሦስተኛ ዘፈን ነው፤ ፖል ማካርትኒና ማይክል ስለ አንዲት ልጅ የሚከራከሩበት። ሁለት እንዲህ ያሉ ድምፆች አግኝቶ ለስላሳ ወሬ ማስወራት ያሳዝነኛል። መጨረሻው ላይ ያለውን ጭውውት መርፌውን አንሥቼ አልፈዋለሁ። ከእርሱ በፊት ያለውን «ቤቢ ቢ ማይን»ን ግን ማንም አያወራለትም፤ ኪቦርዱ የሚሄድበትን መንገድ አንድ ጊዜ ለብቻው ተከተሉት፣ ጃዝ ያለበት ቦታ እርሱ ነው።

ስለ ኩዊንሲ እየጻፍኩ ስለ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ዝም ልል አልችልም። ጥር 28 ቀን 1985፣ በእኛው ጥር 20 ቀን 1977 መሆኑ ነው። በእኛ ምድር ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር። ከአርባ በላይ ዘፋኞች ከአንድ የሽልማት ዝግጅት እንደወጡ ሎስ አንጀለስ ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ተሰበሰቡ። ኩዊንሲ በሩ ላይ ኩራታችሁን ደጅ ትታችሁ ግቡ የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ነበር፤ እያንዳንዱ ዘፋኝ የሚቆምበት ቦታ ወለሉ ላይ ስሙ በፕላስተር ተለጥፎ ይጠብቀው ነበር። ሌሊቱን ስቲቪ ወንደር የስዋሂሊ ስንኝ እናስገባ ብሎ ክርክር ተነሣ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ስዋሂሊ እንደማይነገር የሚያስታውስ ሰው ተገኘና ቀረ። በዚያው ሌሊት ስቲቪ የጋበዛቸው ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ገብተው ስለ ወገናቸው ለዘፋኞቹ ምስጋና አቀረቡ። ስማቸውን የሚያነሣ ብዙም የለም፤ እኔ ግን ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር የማስበው እነርሱን ነው። እነዚያ ሁሉ ዝነኞች መካከል ቆመው፣ የማንን ሞት ይዘው እንደገቡ።

ከዚያ ሌሊት ከኩዊንሲ ሥራ አንዱ በጣም ይነካኛል። ቦብ ዲላን ተራው ሲደርስ ድምፁ ሊወጣለት አልቻለም፤ ሁሉም ያየዋል፤ ተጨነቀ። ስቲቪ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ በዲላን አዘፋፈን ስንኙን አሳየው፤ ክፍሉን ከሰው አጽድተው ብቻውን ሲተዉት ዘፈነው። ማይክሮፎን አልቀየሩም፣ ማሽን አልጨመሩም፤ ሰው ቀነሱ። ዘፈኑ እንደ ሙዚቃ ይረዝምብኛል፤ አዝማቹ ከሚገባው በላይ ይደጋገማል፤ ግጥሙም ውስጥ የእኛ ፊት አይታይም። ቢሆንም ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቧል፣ ከዚያም እህል ሆኖ አፋቸው የገባ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ስለ ርዝመቱ አልከራከርም።

ወደ ሸክላው ልመለስ። ሽፋኑ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፤ ውስጡ ማይክል ነጭ ሱፉን ለብሶ ከነብር ግልገል ጋር ተጋድሟል። ግጥሞቹ የታተሙበት የውስጥ ወረቀት ላይ ማይክል ራሱ የሣላቸው ሥዕሎች አሉ። ወረቀቱ ቀጭን ስለሆነ ሸክላውን ስታወጡም ስትመልሱም ጠርዙ ቶሎ ይቀደዳል፤ እኔ ለብቻው ለስላሳ ከረጢት አድርጌለታለሁ። በእኔው ቅጂ ላይ «ቢት ኢት» ሲጀምር ትንሽ የመንጠቅ ድምፅ አለ፤ ሁለት ጊዜ አጽድቼውም አልጠፋም፤ ከሕትመቱ ነው። ከዚህ በቀር ንጹሕ ነው። ድምፁ በኋላ ከወጡ አንዳንድ ዲጂታል ቅጂዎች ዝቅ ይላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ ቁልፉን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ስኔሩ እንደገና ሲመታ የምትሰሙት ምት አልተጨፈለቀም። ማጫወቻችሁ ርካሽ መርፌ ካለው ግን አትድከሙ፤ የመጨረሻው ዘፈን ወደ መሐል ስለሚጠብ «ሰ» ድምፆቹ ይሻክራሉ። የመርፌውን ክብደት በትክክል ማስተካከል እዚያ ላይ ልዩነቱ ይሰማል።

ኩዊንሲ ኅዳር 3 ቀን 2024 በ91 ዓመቱ አረፈ፤ 28 የግራሚ ሽልማት ነበረው። ዜናውን የነገሩኝ አጎቴ ናቸው፤ ደውለው «ሰውየው ሄደ» አሉኝ፤ ስም አልጠሩም፣ እኔም ማን ብዬ አልጠየቅኩም።

ባለፈው እሑድ ሸክላውንና ማጫወቻውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ወንበራቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጋሁላቸው። «ቢሊ ጂን» ጀመረ። ድራሙ፣ ሻከሩ፣ ባሱ፣ ኪቦርዱ። እንደዚያ ዘመኑ ጣታቸውን እየቆጠሩ አራተኛው ላይ አቆሙ። ዘፈኑ ግማሽ ሲያልፍ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ይህ ምንድነው?»

«የቱ፣ ጋሼ?»

«ይኸው፣ ከድምፁ ሥር የሚያልፈው። ኪቦርድ አይደለም። ይህን ሰው እየነፋው ነው።»

መርፌውን አንሥቼ መለስኩት። እኔ ሃያ ዓመት ኪቦርድ ሲመስለኝ የኖረ ድምፅ ነው። የሽፋኑን ጽሑፍ በስልኬ መብራት ፈልጌ አነበብኩላቸው፦ ቶም ስኮት፣ ሊሪኮን። ሊሪኮን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ በአፍ ይነፋል።

«አላልኩሽም?» አሉ፣ «ትንፋሽ ይለያል። በይ ከመጀመሪያው አድርጊልኝ።»